ማንም ሳይሞት የጠራው ሲዲ

አያ ፈንታው የገዛ ድምፁ ሲጣራ የሰማው ጓሮው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጦ፣ እስከ ክርኑ በጭማቂ ርሶ ሳለ ነው።

«ቅሬ! ቅሬ ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቅሬ ውጣ!»

ድምፁ የእሱ ነው። የዛሬው ድምፁ ግን አይደለም፤ የዛሬ ስምንት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ሙሉ የነበረው ድምፁ ነው። ከአጥሩ ጥግ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ወጥቶ፣ በሽንኩርቱ ማሳና በመስኖው ቦይ ላይ አልፎ፣ ከመርሳ ወደ ግራና የሚወስደውን አቧራማ መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። አያ ፈንታው የማንጎውን ፍሬ ከአፉ አወጣና እንደተቀመጠ ቀረ። ሰው ሲሞት እሳሎኑ ገብቶ ያንን ሲዲ የሚያስነሳው እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ይኸው እዚህ አለ። ታዲያ ማን ሞተ? ማንስ ጠራ?

ቤቱን ዞሮ ወደ ደጅ እስኪወጣ ሰፈሩ ቀድሞት ደርሷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘዋል። ሚስቱ ውባለም ከቦዩ ዳር በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ፣ አጥሩ ሥር ተደፍታ ታለቅሳለች። የቅሬው ዳኛ ሸህ አብዱሰመድ የሙስባሐ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ቆመዋል፤ እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

«ምነው? ማን ነው የሞተው?» አለ አያ ፈንታው፣ ቢጫ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ።

ለቅሶው እንደ ቧንቧ ውኃ ቀጥ አለ። መጀመሪያ አፉን የፈታው የቅሬው ጸሐፊ ቶፊቅ ነው።

«አንቱ ነዎታ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥሪው በኋላ ሁልጊዜ ስም ይከተላል። ሲዲው ይጣራል፤ ከዚያ አያ ፈንታው ማይኩን ይዞ «እገሌ አርፏል፤ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው» ይላል። የዚያን ቀን ግን ጥሪውን ስም አልተከተለውም። ሰው ሁሉ በየቆመበት ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ስም ጠፋ። ስም የሚናገረው ሰው ዝም ካለ፣ ሲዲውን ሚስቱ አስነሥታ ማይኩን መያዝ ቢያቅታት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሰፈሩ ሳይማከር አንድ ነገር አሰበ፤ ሳይማከርም ወደ አንድ ደጅ ሮጠ።

ውባለም ከመሬት ተነሣች። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ትከሻውን ትደበድበው ጀመር።

«አንተ ሰውዬ! ማንጎ እየበላህ ነው የምትሞተው?»

ያን ቀን ሰፈሩ ሲስቅ ዋለ። አያ ፈንታው ግን ከሳቁ ውስጥ አንድ ነገር ለብቻው ይዞ ገባ። ለገዛ ቀብሩ የመጣውን ሰው በዓይኑ አይቷል። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ተሰጥቶ ያውቃል? አልጋው ላይ ጋደም ብሎ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ያልመጣ አልነበረም። የሸህ አብዱሰመድ ጺም ግን ከፊቱ አልሄድ አለ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የአያ ፈንታው ቅሬ መቶ ስድሳ አባወራ ነው፤ ግማሹ መስጊድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ። ክርስቲያኑ ሲሞት እስላሙ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እስላሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ቃሬዛ ይሸከማል። ይህን ሁሉ ሰው ከየማሳው የሚያነቃንቀው አንድ ድምፅ ነው። አያ ፈንታው ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርቷል። ከቤቱ ኋላ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ እጁን አፉ ላይ ደግኖ ሲጣራ ዋርካው ማዶ ያለ ገበሬ በሬውን ያቆም ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት ቅሬው ድምፅ ማጉያ አገኘ። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ኮምፒውተሩን ለአባላት መዝገብ ይሁናችሁ ብሎ ሰጠ። ያኔ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ፣ «ድምፅዎን በሲዲ ላስቀርልዎት፤ ዝናብም ሆነ ጉንፋን አያግድዎትም» ብሎ ቀዳው። መጀመሪያ ሲዲው መጠባበቂያ ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው፤ አያ ፈንታው ጉሮሮውን ታሞ፣ ሲድን ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ሆነ። ለሰው አልተናገረም። ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ስም ብቻ በቀስታ መናገር ጀመረ፤ ጥሪውን ለሲዲው ተወለት። ሞት ቀጠሮ ስለማይሰጥና ኮምፒውተሩም ለመነሣት ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅበት፣ ሌት ተቀን ከነማጉያው እንደበራ ይውላል። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሲመጣ ራሱ ይነሣል። ሲዲው ከሆዱ አይወጣም፤ ሆዱ ውስጥ በገባ ቁጥር ደግሞ ያለ ጠያቂ መጣራት ይጀምራል።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ጠራ።

አሁን ወደ አያ ፈንታው ደጅ የመጣ የለም። ስም ሲጠፋ እያንዳንዱ ወደሚፈራለት ቤት ሮጠ። ቶፊቅ የታመመች እናቱ ዘንድ ደረሰ፤ እናቱ ምስር ስትለቅም አገኛት። አንዱ ቦዩን ሳይዘጋ ሄዶ ውኃው የሽንኩርት መደቡን ጠርጎ ወሰደው። ኢክራም የምትባል አራስ ልጇን አዝላ እስከ መንገዱ ድረስ ሮጣ፣ ባሏን ከባጃጁ ጋር በደህና ስታገኘው እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። አያ ፈንታው ሳሎኑ ውስጥ ሲገባ የሲዲው ማስገቢያ ምላሱን አውጥቶ ቆሟል። እያየው ምላሱ ወደ ውስጥ ተመለሰና እንደገና ሊጣራ ሲል፣ አያ ፈንታው ሶኬቱን ነቀለው።

ሳይመሽ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። የሳቀ ሰው የለም።

«በቴሌግራም ይሁን ብዬ ስንት ጊዜ ነው የጮኽኩት!» አለ ቶፊቅ። «አንድ ግሩፕ፣ አንድ መልእክት፣ አለቀ!»

«እኔ ስልኬን የማበራው ዓርብ ዓርብ ልጄ ከጅዳ ሲደውል ነው» አሉ አንዲት አሮጊት። «ቅዳሜ የሞተ ሰው ዓርብን ይጠብቀኛል?»

«ኮምፒውተሩ ሰይጣን ገብቶበታል» አለ አንዱ።

«ቫይረስ ነው የሚገባው» አለ ቶፊቅ። «አያ ፈንታው ዘፈን እየጫኑበት ይሆናል።»

አያ ፈንታው መሬት መሬት አየ። እውነትም አምስት የአምባሰል ዘፈን አስጭኗል።

ሸህ አብዱሰመድ እጃቸውን አነሡ። «ፈንታው፣ ሰኞ ሳቅን። ዛሬ የሳቀ አላየሁም። ሦስተኛ ጊዜ በከንቱ ከጠራ ሰው አይወጣም። እውነተኛው ለቅሶ ሲመጣ ማን ይቆፍራል? ማን ይሸከማል? ለእሑድ ምክንያቱን ይዘህ ና። ካልሆነ…» አሉና አቆሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠራን ሰው ውረድ ማለት ለእሳቸውም ከበዳቸው።

ሐሙስ ጠዋት አያ ፈንታው ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን ደግፎ መርሳ ገባ። የረሂማ ሱቅ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ነው። ረሂማ ወልድያ ተምራ የተመለሰች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ከሐራ እስከ ሲሪንቃ የታመመ ኮምፒውተር ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ፈትታ ስትሠራ ሒጃቧን ወደ ኋላ አጥብቃ ታስርና እንደ ቀዶ ሐኪም ዝም ትላለች።

«አያ ፈንታው፣ ምን ሆነብዎት?»

«ይለፈልፋል።»

«ማን?»

«እሱ» አለ ጋቢውን እየገለጠ። «ሰው ሳይሞት ይጣራል፣ ልጄ። ምላሱን ያወጣል፣ ምላሱን ያስገባል፣ ይጣራል።»

ረሂማ ለመሳቅ ዳር ደርሳ ተወችው። «መቼ መቼ ነው የሚነሣበት? ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«ሁለቱም ከቀትር በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ሲበረታ።»

ይህን በወረቀት ጻፈችና ኮምፒውተሩን አስነሥታ መመርመር ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይሮጣል። አያ ፈንታው ቁጥሩን እያየ አንገቱን አሰገገ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለች ረሂማ።

«ምኑ?»

«ቫይረሱ።»

አያ ፈንታው እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። «ይተላለፋል?»

«ወደ ሰው አይተላለፍም። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር፣ በፍላሽ ነው። አይስሉም እኮ፣ አይፍሩ።»

ቫይረሱ የአባላቱን መዝገብ ደብቆ፣ በቦታው መዝገብ የሚመስል ባዶ ስም አስቀምጧል። ለአያ ፈንታው ይህ መቶ ስድሳ አባወራ ጠፋ ማለት ነው። ረሂማ ግን «አልጠፋም፤ ተሸፍኖ ነው» አለችና ጥቂት ቃል ጻፈች። ስሞቹ ከተደበቁበት እየወጡ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሞሉት። ከመካከላቸው የሞቱም አሉ፤ ቶፊቅ ይሰረዙ ቢል አያ ፈንታው እምቢ ያለባቸው። ለስሞቹ ሁሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሊላቸው ምንም አልቀረው።

«ከየት ገባብን?»

ረሂማ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክቶ የተረሳ ትንሽ ፍላሽ ነቅላ አሳየችው። ጎኑ ላይ በነጭ ፕላስተር «ቶፊቅ» ተብሎ ተጽፏል።

እውነቱን ለመናገር፣ የአያ ፈንታው የመጀመሪያ ስሜት ደስታ ነበር። የቴሌግራሙ ጌታ! ዘፈን ጫኑ ብሎ በሰው ፊት የተናገረው! «ይህንን በወረቀት ጻፊልኝ፣ ረሂምዬ። ማኅተምም አድርጊበት።»

ጻፈችለት፤ ማኅተምም መታችበት። «አጽድቼ ነገ እሰጥዎታለሁ» አለችው። አያ ፈንታው ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ ሲመለስ፣ የባጃጁ ጉዞ አጭር ሆነበት።

ዓርብ፣ ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ፣ ኮምፒውተሩን ሊወስድ መጣ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኻል። ሱቁ በተማሪ ተሞልቷል። ኮምፒውተሩ ጸድቶ፣ ከአንድ ትልቅ ስፒከር ጋር ተያይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ረሂማ «እንደ አዲስ ሆኗል፣ አንድ ቫይረስ…» ብላ ሳትጨርስ ምላሱ ሱርርር ብሎ ወጣ። ሁሉም ዞረው አዩት። ምላሱ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ገባ።

«ቅሬ! ቅሬ ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ተማሪዎቹ ወረቀታቸውን እንደያዙ ደረቁ። በር ላይ የነበረ ባለ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ የመጣች አንዲት ሴት ሳታስበው ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ረሂማ ዘላ ሶኬቱን ነቀለች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«አጽድቼው ነበር እኮ!» አለች። ከዚያ ዓይኗ በራ። «ቫይረስ አይደለማ! ቫይረሱ ነበረ፤ የሚጣራው ግን እሱ አይደለም።»

የሚጠብቀውን ሰው በሙሉ ይቅርታ ጠይቃ አሰናበተችና የኮምፒውተሩን ጎን ፈታች። ወደ ሲዲ ማስገቢያው የሚሄዱት ሁለት ገመዶች ናቸው። «ይኼኛው ትእዛዝ ያመጣል፤ ይኼኛው መብራት ብቻ ይሰጣል» አለችው። የትእዛዙን ገመድ ነቀለችና ሶኬቱን መልሳ ሰካች። «አሁን ኮምፒውተሩ ውጣ ግባ ሊለው አይችልም። እንግዲህ ቁጭ ብለን እናያለን።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት ትንሽ የብረት ሳጥን ላይ አፈጠጡ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ዝንብ አንዴ አረፈችባትና ሄደች። ከዚያ ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይነካው፣ ምላሱ ሱርርር ብሎ ወጣ።

«ከራሱ ነው!» አለች ረሂማ እያጨበጨበች።

የፊቱን ፕላስቲክ በቀጭን መፍቻ ፈልቅቃ አነሣችው። ምላሱን የሚያስወጣው ቁልፍ ከውስጥ በኩል ቡናማ በሆነ የሚያጣብቅ ነገር ዙሪያውን ተይዟል፤ ከመካከሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቢጫ የቃጫ ጭረት ወጥቷል። ረሂማ በመርፌ አንሥታ አሸተተችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ አያ ፈንታው እጆች አየች። ግንቦት ነው። ጥፍሮቹ ሥር ሁሉ ቢጫ ነው።

«አያ ፈንታው፣ ይኼ ማንጎ ነው።»

አያ ፈንታው ጣቶቹን አጠፈ። ዘግየት ብሎ ዘረጋቸው።

ጭማቂው ቁልፉን ግማሽ ተጭኖ እንዲቀር አድርጎታል። ጠዋት ደርቆ ያርፋል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲያላላው ቁልፉ ይሰምጥና ይነካል፤ ምላሱ ይወጣል። እንደገና ሲነካ ይገባል፤ ሲገባ ሲዲውን ያገኘዋል፤ ሲያገኘው ይጣራል። ነገሩ ይኸው ነው። ሰይጣንም የለበት፣ ቶፊቅም የለበት።

«ግን ሰው በየወሩ አይሞትም» አለች ረሂማ። «ይህን ያህል እስኪጣበቅ ቁልፉን ለምን ይነኩታል?»

አያ ፈንታው ወደ በሩ አየ፤ ሰው የለም። «ማጉያውን አጥፍቼ በኮምፒውተሩ ብቻ አሰማዋለሁ» አለ። «ቀን ቀን። ውባለም ቦይ ስትወርድ። ማንጎዬን ይዤ እቀመጥና… ድምፄን እሰማለሁ።» ጉሮሮውን ነካ። «ይኸ የምትሰሚው የተረፈኝ ነው፣ ልጄ። ያኛው እዚያ ሲዲ ላይ ነው ያለው። ማንም አያውቅም።»

ረሂማ ቁልፉን በአልኮል ደጋግማ ጠረገች። በመጨረሻ፣ «እስከ ነገ ቀትር እዚሁ ይቆይና በሙቀቱ እንፈትነው» አለች። ጭረቱን በነጭ ወረቀት ጠቅልላ፣ ያጸዳችውን ፍላሽም ጨምራ ሰጠችው። «የጻፍኩልዎት ወረቀት ውሸት የለበትም፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቫይረስ ነበረ። ማንጎውን ካላነሡ የሚጠይቅዎት የለም። እንደ ልብዎ።»

በአንድ ኪሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ በሌላው ኪሱ አንዲት የማንጎ ጭረት ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የጭረቷ ኪስ ይከብደው ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሃና በሩን አንኳኳች። የእማማ አሰፋሽ የልጅ ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል።

«አያ ፈንታው፣ አያቴ አረፉ።»

እማማ አሰፋሽ ዘጠና ያለፋቸው፣ የሰፈሩን ግማሽ እትብት የቆረጡ አዋላጅ ነበሩ። አያ ፈንታው ወደ ሳሎኑ ገባ። ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን አቧራ ብቻ አለ። ማይኩን አንሥቶ ማብሪያውን ተጫነ። ማጉያው አልተነሣም። መብራት ከንጋት ጀምሮ የለም።

ውባለም በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። «ቤት ለቤት ልዙር?» አለችው።

«መቶ ስድሳ ቤት መቼ ትጨርሻለሽ? ሰው ማሳ ወጥቷል። ገበያ የሚወርደውም ሊሄድ ነው።»

«እንግዲያ?»

ጋቢውን አደገደገና ከቤቱ ኋላ ወደ ጉብታው ወጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሊጠራ አልወጣበትም። የቆመበት ድንጋይ አሁንም እዚያው ነው፤ ሁለት የእግር ቦታ ለስልሷል። ከታች ሸለቆው በጠዋት ጭስ ተሸፍኗል። ሁለት ጊዜ በሲዲ የተታለለ ሰፈር በዚህ በተሰነጠቀ ጉሮሮ ይወጣል? ካልወጣስ? እማማ አሰፋሽ በገዛ እጃቸው የተቀበሉት ሰፈር ሳይሸኛቸው ሊቀር ነው። እጁን አፉ ላይ ደገነ።

«ቅሬ…»

ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ። አንድ ውሻ ብቻ መለሰለት።

አየር ስቦ፣ ከሆዱ ጀምሮ ገፋው። «ቅሬ! ቅሬ ውጣ!» ይሻክራል፣ ይቆራረጣል፣ አንዴ ከፍ ብሎ አንዴ እንደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ማሳ ውስጥ ያሉ ሰዎች ቀና ሲሉ አየ። ቀና ብለው ቆሙ። አልተንቀሳቀሱም። አንዱ ተመልሶ አጎነበሰ።

አያ ፈንታው እንባው መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ያለውን ሁሉ አወጣ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እማማ አሰፋሽ! የሁላችን አዋላጅ! አርፈዋል! ቅሬ ውጣ!» የመጨረሻዋ ቃል ከአፉ ስትወጣ ድምፁ አብሯት ሄደ። አፉን ከፈተ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ያ አጎንብሶ የነበረው ነው፤ ቦዩን ዘጋና ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ። ከዚያ አንድ በር ተከፈተ። ሌላ ተከፈተ። ከማዶ አንድ ሰው ጥሪውን ተቀብሎ ወደ ግራና አቅጣጫ አስተላለፈው፤ ከዚያም ማዶ ሌላ ድምፅ። ሸለቆው እንደ ድሮው፣ ከአፍ ወደ አፍ ተጠራራ። ጠባቧን መንገድ እየሮጠ ጉብታው ላይ የደረሰው ቶፊቅ ነው፤ ስልኩ እጁ ላይ አለ፣ ሸሚዙን ግን ገልብጦ ለብሷል።

«ኔትወርክ የለም» አለ እያለከለከ። «እንዲህ የሚጠራ ሲዲ የለም ብዬ መጣሁ።»

እማማ አሰፋሽን ከቀትር በፊት ሸኟቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት የመስጊዱ ጎረምሶች ናቸው፤ ፍትሐቱ ሲደርስ ሸህ አብዱሰመድ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመው ጠበቁ። ከቀብር በኋላ እንደ ልማዱ ዋርካው ሥር ስም ጥሪ አለ። ከስም ጥሪው በፊት አያ ፈንታው ተነሥቶ ሸህ አብዱሰመድ ፊት ቆመ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ጉሮሮውን አሳየ።

«ቶፊቅ፣ ና» አሉ ሸህ። «እሱ ዕድሜ ልኩን ጠራልን፤ ዛሬ አንተ ጥራለት።»

ቶፊቅ ጆሮውን ወደ አያ ፈንታው አፍ አስጠጋ። አያ ፈንታው ከደረት ኪሱ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አወጣ፤ አየው፤ አራት ላይ አጥፎ መልሶ ከተተው። ከሌላው ኪሱ ነጩን ጥቅልል አውጥቶ ፈታውና በሹክሹክታ ተናገረ።

ቶፊቅ ቀና አለ። «ምን? … እሑድ ከምትጠብቁ ዛሬውኑ ልናገር ይላሉ። በከንቱ ያስጠራው ማንጎ ነው ይላሉ!»

«ምን?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ማንጎ!» ጮኸ ቶፊቅ። «በማንጎ እጃቸው ቁልፉን ነክተውት፣ ተጣብቆ፣ ሲሞቅ ራሱ እየተጫነ ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ!» እንደገና ጆሮውን አስጠጋ። «ቁልፉንም የሚነኩት… ድሮ የነበራቸውን ድምፅ ለመስማት ነው ይላሉ።» ይህችን ሲናገር የቶፊቅ የራሱ ድምፅ ዝቅ አለ።

ጭረቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ሁሉም አሸተታት። ባለ ሽንኩርቱ ዘለግ ላለ ጊዜ ያዛትና፣ «መደቤን የወሰደችው ይች ናት?» አለ። ከዚያ ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እንደ ዝናብ መጣ። ውባለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንቀጠቀጣለች።

ሸህ አብዱሰመድ እስኪበርድ ጠበቁ። «ፍርዱ ይኸው ነው» አሉ። «ፈንታው የፈሰሰውን የሽንኩርት መደብ በገዛ እጁ መልሶ ይተክላል። ሲዲው በሣጥን ይቀመጥ፤ የሚያምር ድምፅ ነው፣ ይናፍቀናል። ጥሪው ግን እንደ ዛሬው ከጉብታው ይሁን። ድምፁ ቢሰበርም ማዶ ያለው ይቀበለዋል፤ ሰማችሁት።» ዝቅ አሉና ለእሱ ብቻ፣ «ደግሞ እጅህን ታጠብ፣ አንተ» አሉት።

ስም ጥሪው ሊጀመር ነው። ቶፊቅ ከመነሣቱ በፊት አያ ፈንታው እጁን ያዘውና ፍላሹን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ቶፊቅ ፍላሹን አየ፤ አያ ፈንታውን አየ። «ረሂማ ጋ ነበር?» አያ ፈንታው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ምን… ምን አገኘችበት?» አያ ፈንታው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ ከዚያም በሁለት እጁ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው አደረገ። ቶፊቅ እስከ ጆሮው ቀላ።

ስሞቹን ከስልኩ ማንበብ ጀመረ። «አለሁ» «አለሁ» ይላል እያንዳንዱ። የቀረ አልተገኘም። መጨረሻ ላይ ቶፊቅ ቆም አለ።

«አያ ፈንታው!»

አያ ፈንታው አፉን ከፈተ። ነፋስ ብቻ ወጣ። እጁን ሊያነሣ ሲል፣ ከዋርካው ሥር መቶ ሃምሳ ዘጠኝ አባወራ በአንድነት መለሰለት።

«አለ!»